እሳቱ ሲዋዥቅ፦ ሞተሩ ነው ወይስ ዲናሞው?

በድሬዳዋ ለበያጆችና ለጀነሬተር ጠጋኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጉዳያችን በሞተር የሚነዳ የብየዳ ማሽን ነው፤ ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው የብየዳውን ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መብራት በማይደርስበት ሳይት ላይ ትሠራላችሁ። እሳቱ አንዴ ብረቱን ሊቀደው ይደርሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይደክምና ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። አምፔሩን አልነካችሁትም፤ ኤሌክትሮዱም ብረቱም ያው ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ወደ ጥገና ሲመጣ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ጥቅሉ ተቃጥሏል»፣ ማለትም የዲናሞው የመዳብ ሽቦ ነዷል፣ የሚል ነው። ዲናሞው ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀለላል፣ ብዙ ብር ይወጣበታል። ተገጥሞ ሲነሣ ግን እሳቱ እንደ ቀድሞው ይዋዥቃል፤ ጥፋቱ የተዘጋ የናፍጣ ፊልትሮ ወይም ውስጡ የዛገ የገመድ ተርሚናል ነበርና። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህን ነው። ጥቅል አይቃጠልም አልልም። ነገር ግን የተቃጠለ ጥቅል ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ ብዙውን ጊዜም ጨርሶ ይሞታል። እየሄደ እየመጣ የሚያስቸግር ነገር ከላላ ንክኪ፣ ከነዳጅ ወይም ከፍጥነት የመጣ መሆኑ ይበዛል። ያልተቃጠለ ጥቅልን ፈትቶ መጠቅለል ደግሞ የፋብሪካውን ቫርኒሽና ልክ ያሳጣል፤ ጤነኛውን ማሽን ለዘለቄታው ማሳመም ነው።

ስለዚህ አንድ ቡሎን እንኳ ሳትፈቱ የምትወስዱት አንድ ልኬት አለ። ማሽኑ ለግራይንደርና ለአምፖል የሚሆን ሶኬት አለው። ሄርዝ የሚያነብ ቴስተር እዚያ ላይ ሰኩ፤ ሌላ ነገር አይሰካበት። ከዚያ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ብረት ላይ አንድ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አቃጥሉ። አንዱ ይበይዳል፣ ሌላው ቴስተሩን ያያል።

ሄርዝ የሞተሩን ፍጥነት ነው የሚነግራችሁ። ዲናሞው ባለ 4 ፖል (የመግነጢስ ዋልታ) ከሆነ ሄርዙን በ30 ስታባዙ ዙር በደቂቃ ታገኛላችሁ፤ 50 ሄርዝ 1,500 ዙር ነው። ባለ 2 ፖል ከሆነ በ60 አባዙ፤ 50 ሄርዝ 3,000 ዙር ይሆናል። ያለ ጭነት 52 ወይም 52.5 አካባቢ የነበረው ንባብ እሳቱ ሲነሣ ወደ 50 ወርዶ እዚያው ከረጋ ሞተሩና ፍጥነቱን የሚጠብቀው ጋቨርነር ደህና ናቸው። ወደ 47፣ ወደ 45 ከወረደ፣ ወይም ከፍ ዝቅ እያለ ከተመላለሰ ዲናሞውን ለጊዜው አትንኩት። ሄርዙ ረግቶ እሳቱ ብቻ ከዋዠቀ ደግሞ ሞተሩን ተዉትና ወደ ኤሌክትሪኩ ዙሩ። አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች የሶኬቱን መብራት በኢንቨርተር ስለሚሰጡ ሄርዙ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አይያያዝም። እነዚያ ላይ በሚዞረው ክፍል ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፋችሁ በታኮሜትር ለኩ።

ልኬቱን እሳቱ እየነደደ አድርጉት ያልኩት በምክንያት ነው። ባዶ ማሽን ይዋሻል። ያለ ጭነት ከ60 እስከ 80 ቮልት ዲሲ ማየት የተለመደ ነው፤ የዛገ መጋጠሚያ ያለበት ማሽንም ያንኑ 75 ቮልት ያሳያችኋል። አምፔር ካላለፈበት መጋጠሚያው የሚጥለው ቮልት የለምና።

አንድ በብዛት የሚሠራ ስሕተት እዚህ ላይ ልናገር። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን 60 ሄርዝ ነው፤ ባለ 4 ፖሉ 1,800 ዙር ይሠራል፣ ያለ ጭነት 1,850 አካባቢ ይቆማል። አንዳንድ ሰው የእኛን አገር ግራይንደር ላሠራበት ብሎ ፍጥነቱን ወደ 1,500 ያወርደዋል። ፍጥነቱ በስድስተኛ ሲቀንስ የሚወርደው ቮልት ከዚያ ይበልጣል፤ የሮተሩን፣ ማለትም በዲናሞው ውስጥ የሚዞረውን ክፍል፣ መግነጢስ የሚመግበውም ቮልት አብሮ ስለሚወርድ። ነፋሹም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ማሽኑ ይሞቃል። ውጤቱ የሚጣበቅ ኤሌክትሮድና የሚነጥር እሳት ነው። መድኃኒቱ ፍጥነቱን ወደ ቦታው መመለስና ለግራይንደሩ ሌላ መፍትሔ መፈለግ ነው።

ሄርዙ ወረደ እንበል። የሞተሩ ጉዳይ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አየሩን መርሳት አይቻልም። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ጉልበት ያጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በባሕር ወለል 15 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ 13 ገደማ ይሆናል፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ ወደ 12 ገደማ ይወርዳል። የእኛ ሙቀት ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ከተለካበት ሙቀት በላይ በየ5 እና 6 ዲግሪው ሌላ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በ200 አምፔር ስትበይዱ እሳቱ ላይ 28 ቮልት ገደማ አለ፤ ይህ 5.6 ኪሎ ዋት ነው፣ ዲናሞው የሚያባክነው ሳይቆጠር። ስለዚህ ታች ጥሩ ሲሠራ የዋለ ማሽን ሐረር ላይ በከፍተኛው አምፔር ቢደክም አልተበላሸም፤ አምፔሩን ቀንሱለት። ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ሞተር ከፍታ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ካያችሁና ካንዴላው ጥቀርሻ ከለበሰ ምልክቱ ይህ ነው።

ከአየሩ ሌላ ያለውን የሚለየው ሰዓቱ ነው። ማሽኑ መቼ ነው የሚዋዥቀው? ከተነሣ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ ቀስ እያለ ከደከመ መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ፉጨት ሰምታችሁ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል። ታንኩ አየር ካላስገባ ነዳጅ አይለቅም። ይህ አንዲት ቀጭን ሽቦ የሚያድነው ጥፋት ነው። ካልሆነ የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይሩ፤ በጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውሃና ዝቃጭ ይዞ ይገባልና ከታንኩ ሥር ያለውንም አፍስሱ። በመሳቢያው ጎማ ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ነዳጅ ሳይንጠባጠብ አየር ብቻ ያስገባል፤ ዓይን አያየውም። ቀን ላይ ጎማው ሲሞቅና ሲለሰልስ ይብሳል። የአየር ፊልትሮውን ለሙከራ ያህል ለአንድ ደቂቃ አውጥታችሁ ሄርዙ ከተሻሻለ ጥፋተኛውን አገኛችሁ። ያለ ፊልትሮ ግን ሥራ አትሥሩ፤ የእኛ አቧራ ሲሊንደር ይበላል።

ሞተሩ በየጥቂት ሰከንዱ «ው… ው…» እያለ ከተነሣና ከወደቀ ሌላ ነገር ነው። ቤንዚን ከሆነ የካርቡሬተሩ ትንሿ ጄት በደረቀ ቤንዚን ተጣብቃለች፣ ወይም ከካርቡሬተሩ በታች ያለው ጋስኬት አየር ያስገባል። ናፍጣ ከሆነ የጋቨርነሩን ዘንጎችና መጋጠሚያዎች በእጅ አንቀሳቅሱ፤ መንቀዋለልም መክበድም ሁለቱም ጥፋት ነው። ስፕሪንጉን ከማጥበቃችሁ በፊት ዘንጎቹ በነፃ መሄዳቸውን አረጋግጡ፤ የሚይዝ ዘንግ ያለበትን ጋቨርነር በስፕሪንግ ማስተካከል አይቻልም።

እሳቱ ሲጀመር ብቻ የሚደክም ማሽን ደግሞ አለ። ኤሌክትሮዱን ስትነኩት ሞተሩ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ፍጥነት) ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ዘግይቶ ይነሣል፣ ከዚያ ደህና ይበይዳል። ይህ የራስ በራስ ሚኒሞው ነው። ማብሪያውን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ወደሚያቆመው አዙሩ። ችግሩ ከጠፋ ሶለኖይዱን፣ የሚይዘውን ዘንግና አምፔር የሚሰማውን ጥቅል መርምሩ። ብየዳው ከቆመ በኋላ ወደ ሚኒሞ እስኪመለስ 10 እስከ 15 ሰከንድ ቢቆይ ግን ትክክለኛ ጠባዩ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ሄርዙ እንደ አለት ቆሟል፣ እሳቱ ግን ይዋዥቃል። ከውጭ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ከኤሌክትሮዱ ጀምራችሁ። እርጥብ 7018 ኤሌክትሮድ ራሱን የቻለ አስመሳይ ነው፤ ይንጫጫል፣ ይተፋል፣ ማሽን ያስከስሳል። ሌላ አዲስ ፓኬት ሞክሩ። ዲሲ ላይ ከሆናችሁና እሳቱ በብረቱ ማዕዘን አካባቢ ብቻ ወደ ጎን ከነፈሰ መግነጢስ ነው፤ ማሳውን (የሚበየደውን ብረት የሚይዘውን የመመለሻ ገመድ መቆንጠጫ) ወደ ሌላው ጫፍ አዛውሩ፣ እሳቱንም አሳጥሩ።

ገመዱ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያድነው እዚህ ነው። 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 20 ሜትር መሄጃ፣ 20 ሜትር መመለሻ ቢሆን በ150 አምፔር 2 ቮልት ገደማ ይጥላል። 25 ካሬ ከሆነ 4 ቮልት። እሳቱ ራሱ የሚኖረው በ26 ቮልት አካባቢ ነውና 4 ቮልት ቀልድ አይደለም። መዳብ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ላዩ መዳብ የተቀባ ገመድም አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ክር በቢላ ፋቁ። ነጭ ከሆነች በዚያው ካሬ ጅረቱን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ የሚከለክል ገመድ ነው።

የሚያዋዥቀው ግን የገመዱ ርዝመት አይደለም፤ ርዝመት ሁልጊዜ አንድ ነው። የሚያዋዥቀው መጋጠሚያ ነው። 0.02 ኦም የሆነ አንድ መጥፎ መጋጠሚያ በ150 አምፔር 3 ቮልት ይጥላል፣ 450 ዋትም በሙቀት መልክ ያቃጥላል። ስለዚህ ሁለት ኤሌክትሮድ በተከታታይ በይዳችሁ ሞተሩን አጥፉና ተርሚናሎቹን፣ ማሳውን፣ የኤሌክትሮድ መያዣውን በእጅ መዳፍ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ሞቀታቸውን ስሙ። ከሌላው ለይቶ የሚግል ካለ እሱ ነው። በቁጥር ለማወቅ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርጋችሁ እየተበየደ አንዱን ጫፍ በማሽኑ ቡሎን ላይ፣ ሌላውን በገመዱ ክር ላይ ያዙ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ፈትታችሁ አጽዱና ዳዶውን አጥብቁ። ተርሚናሉ ከውጭ ብሩህ ሆኖ ውስጥ ገመዱ ግማሹ የተበጠሰ ሊሆን ይችላል፤ ተርሚናሉ አጠገብ አጥፋችሁ ስታጣምሙት እንደ ጨርቅ ከተልፈሰፈሰ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ጨምቁት። ማሳውን በቀለም ወይም በዝገት ላይ መቆንጠጥ ያው መጥፎ መጋጠሚያ መፍጠር ነው።

ውጭው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ ውስጥ እንግባ። ከመግባታችን በፊት፦ ባለ ካርቦን (በሚዞረው ክፍል ላይ ተጭኖ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቁራጭ) ያልሆነው ትንሹ ዲናሞ በካፓሲተር ነው የሚሠራው፤ ሞተሩ ቢጠፋም ካፓሲተሩ ይመታል። ጫፎቹን መከላከያ ባለው አምፖል ወይም ሬዚስተር አራግፉት። በላብ የራሰ እጅ ለ75 ቮልት እንኳ የተዘጋጀ አይደለም፤ በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ጓንት ሳታደርጉ ተርሚናል አትንኩ።

የዲናሞው ልብ የሮተሩ መግነጢስ ነው። ጥቂት አምፔር ያለው ጅረት በካርቦኖቹና በሁለቱ ቀለበቶች በኩል ወደ ሮተሩ ይገባል። ያ ትንሽ ጅረት ሲዋዥቅ ትልቁ የብየዳ አምፔር አብሮ ይዋዥቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ካርቦኖቹን እዩ። ከአዲሱ ቁመታቸው ግማሽ ከደረሱ ለውጧቸው። በቤታቸው ውስጥ በጣት ስትገፏቸው ያለ ምንም መያዝ መመለስ አለባቸው፤ አቧራና ዘይት የያዘው ካርቦን ሲሞቅ ይጣበቅና ቀለበቱን ይለቃል፣ ሲበርድ ደግሞ ይመለሳል። «ጠዋት ደህና ነበር» የሚባለው ማሽን ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከመኪና ሞተሪኖ የወጣ ካርቦን በፋይል አሳንሶ መግጠምን ተዉ። የሞተሪኖ ካርቦን መዳብ የበዛበት ነው፤ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ብዙ አምፔር እንዲያሳልፍ ነው፤ ቀለበቱን ይቧጭራል። ቀለበቱን በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ አጽዱ፤ ጥቁሩን የብረት መፋቂያ ሸራ አትጠቀሙ፤ ብናኙ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ይችላል። ኮሌክተር ያለው የድሮ ዲሲ ዲናሞ ከሆነ የቸኮላት ቀለም ያለው ለስላሳ ገጽ ጤነኛ ነውና አትፋቁት። በየተወሰነ ርቀት የተቃጠለ ላሜላ (የኮሌክተሩ የመዳብ ቁራጭ) ካለ የአርማቹሩ ጥቅል ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ የጠቅላዩ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የአምፔር ማስተካከያው፣ ሪዮስታቱ። ሽቦዎቹን ለይታችሁ መርፌ ባለው ኦሜትር እየለካችሁ በዝግታ አዙሩት። መርፌው ሳይዘል መሄድ አለበት። ከዘለለ እዚያ ቦታ ላይ ሽቦው አልቋል። ዲጂታል ቴስተር ቁጥሩን ሲቀይር ስለሚዘገይ ዝላዩን ሊሰውረው ይችላል፤ የድሮው ባለ መርፌ ለዚህ ይሻላል። የርቀት መቆጣጠሪያ መሰኪያ ያለው ማሽን ከሆነ «ፓነል» እና «ርቀት» የሚለውን ማብሪያ ሃያ ጊዜ ያህል አመላልሱት፤ ሳይነካ ዓመታት የቆየ ንክኪ ይዝጋል።

ጥፋቱ ለሮተሩ ጅረት በሚሰጠው በመግነጢስ መጋቢው ይሁን በዋናው ጥቅል ካላወቃችሁ የሚቆርጥላችሁ ሙከራ ይኸውላችሁ። ሞተሩን አጥፍታችሁ የሮተሩን ጥቅል በሁለቱ ቀለበቶች ላይ ለኩ፤ ቁጥሩን ከማሽኑ መመሪያ ጋር አስተያዩ። ወደ ካርቦኖቹ የሚመጡትን ሽቦዎች ነቅላችሁ ለዩ። በምትካቸው ባለ 12 ቮልት ባትሪ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል፣ ፕላሱን ከፕላስ አስማምታችሁ አገናኙ። ጥቅሉ 12 ኦም ከሆነ 1 አምፔር፣ 4 ኦም ከሆነ 3 አምፔር ማየት አለባችሁ። ሞተሩን አንሡና የዲናሞውን ቮልት ተመልከቱ። በባትሪው ስለሚሠራ ከሙሉው ያነሰ ይሆናል፤ ልታዩት የምትፈልጉት ግን መርጋቱን ነው። ከረጋ ጥፋቱ መጋቢው ውስጥ ነው፤ ትንሿ ዳዮድ ብሪጅ፣ ሪዮስታቱ ወይም ቦርዱ። ቮልቱ አሁንም ከዋዠቀና የባትሪው አምፔርም አብሮ ከዘለለ ካርቦን፣ ቀለበት ወይም የሮተር ጥቅል ነው። አምፔሩ ረግቶ ቮልቱ ብቻ ከዘለለ የማይዞረው ዋናው ጥቅል፣ ስታተሩና ከእሱ በኋላ ያለው ነው።

ብዙ ወር ቆሞ የነበረ ማሽን አንዳንድ ቀን ቮልት አልሰጥ ቢል፣ ጋዝ ሲሰጡት ደግሞ ቢነሣ፣ በብረቱ ውስጥ የቀረው መግነጢስ ደክሟል። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሽቦዎቹን ነቅላችሁ፣ ያንኑ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ንኩት። ፕላስና ማይነሱን አታምታቱ።

አንድ ነገር ግን ጥፋት ተብሎ እንዳይታከም። የመዳብ ጥቅል በ50 ዲግሪ ሲሞቅ የሚከለክለው በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት የሰጠው አምፔር ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ትንሽ ይወርዳል፤ ይህ ተፈጥሮ ነው። ቀስ ብሎ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። የኤሌክትሪክ ጥፋት አወራረድ ግን ይዘላል።

የቀረውን በፍጥነት። የአምፔር ደረጃ መምረጫውን እየበየዳችሁ አታዙሩ፤ ንክኪው ይቃጠላል፣ በኋላም በዚያ ደረጃ ላይ ብቻ የሚዋዥቅ ማሽን ይሆናል። በሌላው ደረጃ ላይ ደህና ከሠራ እሱን ፍቱ። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ዋናውን ሬክቲፋየር በተመለከተ፣ ከሱ በፊት ያለውን ኤሲ በሦስቱ ፌዞች መካከል ለኩ። ሦስቱ ንባብ እኩል ሆኖ እሳቱ የሚነጥርና የሚንጫጫ ከሆነ ከስድስቱ ዳዮድ አንዱ ተከፍቷል። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የዳዮዱን ሽቦ ነቅላችሁ በቴስተሩ የዳዮድ ቦታ ላይ ለኩ፤ ወደ አንድ በኩል ከ0.4 እስከ 0.7 ቮልት፣ ወደ ሌላው ምንም። ሞተሩ ሳትበይዱ እንኳ የሚያቃስት፣ ዲናሞውም የሚያጉረመርም ከሆነ አንዱ ዳዮድ ሾርት ሆኗል፤ ሄርዙ ወርዶ ሞተሩን በከንቱ የሚያስከስሰው አንዱ ሁኔታ ይህ ስለሆነ ቶሎ አጥፉት፣ ስታተሩን ይበላዋል።

ጥቅሉን ራሱን የምትጠረጥሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዳዮዶቹንና ቦርዱን ለይታችሁ በ500 ቮልት ሜገር (የጥቅል ሽፋን መፈተሻ) ከጥቅል ወደ አካል ለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ በደረቅ አየር አቧራውን ንፉ፣ በፀሐይ ሙቀት አድርቁ፣ ደግማችሁ ለኩ። ከፍ ካለ አቧራና እርጥበት ነበር። ካልተነሣ ለጠቅላዩ ስጡ።

ጥገናው ሲያልቅ ሙከራው ከቀትር በኋላ ማሽኑ ግሎ እያለ ይሁን። ሦስት 3.2 ኤሌክትሮድ በተከታታይ አቃጥሉና ባዶ ሄርዙን፣ በጭነት ጊዜ ያለውን ሄርዝ፣ ባዶ ቮልቱንና ዲሲ በሚለካ ክላምፕ ያያችሁትን አምፔር በማይጠፋ ቀለም በማሽኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍተው ሰው የሚያነጻጽረው ነገር ያገኛል።